ለእህቴ የሰጠኋት ቅርንጫፍ

ቅርንጫፏን የቆረጥኋት እኔ ነኝ። በወጥ ቤታችን ጀርባ፣ አንገቱ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ የምትበቅል አንዲት ቀይ አበባ ነበረችኝ። አንድ ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ስታብብ፣ ከሁሉም ቅርንጫፎቿ አንዷ ብቻ ገርጥታ አየኋት። ሌሎቹ ደም የመሰሉ ቀይ ናቸው፤ የእሷ አበቦች ግን ጠርዛቸው ነጭ፣ መካከላቸው ፈዛዛ ሮዝ ነው። በሽታ መሰለኝ። እኔ የሚያስፈራ ነገር ቢጠፋ እንኳ ፈልጌ የማገኝ ሰው ነኝ። ወደ ሌሎቹ ሳይዛመት ብዬ በቢላዋ ቆረጥኋት። ቆርጬ ግን መጣል አልሆነልኝም። በማግስቱ የእናታችን ተዝካር ነበርና ታላቅ እህቴ ከዳንግላ መጥታ ነበር። ስትመለስ ቅርንጫፏን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ ረሳኋት። ልረሳት አይገባም ነበር።

ቀይዋ አበባ የአገራችን አይደለችም። እንጅባራ መውጫ ላይ በነበረ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጣቢ ሆኜ ስሠራ፣ ባለቤቱ ከአዲስ አበባ በመኪናው ያመጣት ናት። አትክልተኛው ሲከረክማት መሬት ከወደቀው ቁራጭ አንዱን አንስቼ ወደ ቤቴ ይዤ ሄድሁ። ስሟን የሚነግረኝ ስላልነበረ «የሆቴሏ» እላት ነበር። አዛሊያ እንደምትባል የነገረችኝ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዕፅዋት የተማረችው ልጄ ናት። የእኛ አፈር ኮምጣጣ ነው ይላሉ የግብርና ሰዎች። ኖራ ካልነሰነሱበት ገብሱ ቀጭጮ ይቀራል፣ ስንዴውም ቢጫ ሆኖ ይሞታል። ይህቺ አበባ ግን ገብስ የጠላውን አፈር ወደደችው። ልጄም ይህን ስታውቅ ሳቀች። «እማ፣ አገሩ የተመቸው ፍጥረት ይህ ብቻ ነው» አለችኝ።

ልጄ አንድ ናት። ከእሷ በኋላ የወለድኋቸው ሁለቱ አላደጉም። ስለዚህ ስታስል አብሬ አስላለሁ፤ ስትዘገይ በር ላይ እቆማለሁ። ትምህርቷን ጨርሳ በተመለሰች በዓመቱ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ የሆነ ልጅ ጠየቃት። አብረው የተማሩ ናቸው፤ አስተማሪ ሆኗል፤ ረጋ ያለ ልጅ ነው። እኔም ወድጄው ነበር።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ መጥቶ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲል የመጀመሪያው መልስ እሺም እንቢም አይደለም። መጀመሪያ ይቆጠራል። የሁለቱም ወገን በአባትም በእናትም እየወጣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ በመካከል አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ነገሩ ያበቃል። እኔ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሴት ብሆንም ዘር በመቁጠር ሰው ይጠራኛል። የተማርሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ፈረስ ያረባ ነበር፤ ባዝራ ለማስረገዝ ሲያስጠቃ የፈረሱን እናትና የእናቱን እናት ሳይጠይቅ አያስጠቃም። «ደም ወደ ቤቱ ከተመለሰ ይበላሻል» ይል ነበር። የፈረሶቹን ሲቆጥር እየሰማሁ የሰዎቹንም ያዝሁ።

በዚያ ቀን የልጁ ወገን ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቆጠሩ። አራት ቤት አለፈ። አምስትም አለፈ። ባሌ ፊቱ ፈካ፤ ስድስተኛው ላይ ከዘንገና ወገን የሆነች አንዲት ሴት ተጠራች።

«አባባ፣ እዚህ ላይ ይቆዩ» አልሁ።

«ምነው ልጄ?»

«ይህቺ ሴት የእኛም ናት። የእናቴ ወገን ከእህቷ ነው የሚወለደው።»

ባሌ ወደ እኔ ሳያይ «ስድስተኛ ቤት እኮ ነው፤ አንድ ቢጎድል ምን አለበት?» አለ።

«ሰባት ያልሁት እኔ አይደለሁም ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

ስለዚያች ሴት የሰማሁት ሌላ ነገርም ነበረ። በዚያ ቀን አልተናገርሁትም። ኋላ እመለስበታለሁ።

ልጄ ሽማግሌዎቹ የጠጡበትን ብርጭቆ አጥባ፣ ደርድራ፣ «ውሃ አልቋል፤ ልቅዳ» ብላ ጀሪካን ይዛ ወጣች። በፊቴ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤት ውስጥ ሲስቅ የሰማሁት ሰው የለም።

ሥራ አልተገኘም። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ትመዘገባለች፣ ትፈተናለች፣ ስሟ አይለጠፍም። በዚያው ዘመን የባሌ ዛፍ ሞተ። ገብሱ እንቢ ሲል እንደ ጎረቤቱ ሁሉ መሬቱን በሙሉ ዲከረንስ ተክሎት ነበር፤ ቶሎ ደርሶ ለከሰል የሚቆረጥ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር ወጣና የኛም፣ የጎረቤቱም፣ ከኮረብታው ማዶ ያለውም ከዳር እስከ ዳር ደረቀ። ባሌ ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ሲያየው ልጄ አጠገቡ ቆማ አስረዳችው።

«አባ፣ ዛፎቹ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው። ከጥቂት እናቶች የተለቀመ ዘር ነው እየተባዛ እዚህ የደረሰው። አንዱን የገደለ ሁሉንም ይገድላል። ከሌላ ዘር ጋር የተዳቀለ ቢኖር የሚተርፍ አይጠፋም ነበር።»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ አንቺ የት ነበርሽ? ዘመድ ቆጣሪያችን! ሰው ሲሆን ነው እንጂ ዛፍ ሲሆን አትቆጥሪም?»

ቀልዱ ነው። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁ።

ፓስፖርቷን ያወጣችው በዚያው ክረምት ነው። የእህቴ ጎረቤት የሆነች ልጅ ዓረብ አገር ናት፤ በእሷ በኩል ደላላ ተገኝቷል። እኔ ፓስፖርቱን ያየሁት ልብሷን ሳጣጥፍ ነው፤ አይቼ መልሼ ከሹራቡ ሥር ከተትሁት። እሷም እንዳየሁት ዐወቀች። በማግስቱ አበባዋ አጠገብ ጠርታኝ በግልጽ ነገረችኝ።

«ባሕር ዳር አበባ የሚሸጥ ሰው አናግሬአለሁ። ከዚህች ቀይ ቆርጬ ያባዛኋቸውን ወሰድሁለት። ቀይማ ሁሉም ጋ አለ አለኝ። ማንም የሌለው ቀለም ካመጣሽ አብረን እንሠራለን አለኝ። ላዳቅል ነው፣ እማ። ከሌላ ዘር ጋር። ዘሩ በቅሎ ከቆመ እስኪያብብ ሦስት ዓመትም ቢፈጅ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ካልቆመ እሄዳለሁ። ያኔ አታልቅሺብኝ።»

«ሌላውን ዘር ከየት ታመጫለሽ?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ፈለገች። የእንግዳ ማረፊያው ተዘግቷል፤ መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት በሚዘጋበት ጊዜ ማን እንግዳ ይመጣል? ጥሊሊ ድረስ ሄዳ ግቢ ግቢውን ጠየቀች፤ ያገኘችው ሁሉ ጽጌረዳ ነው። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ መንገዱ ተከፈተና አክስቷን ልትጠይቅ ዳንግላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከአጥሩ ውጭ ድምፅዋን ሰማሁ።

«እማ! እማ፣ ነይ እዪ!»

የቀለም ጣሳ አቅፋለች። ጣሳው ውስጥ ጉልበት የሚደርስ ቁጥቋጦ አለ፤ አበባው ጠርዙ ነጭ፣ መካከሉ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ወዲያው ለየሁት። ቢላዋዬ የነካው ቦታ ሳይቀር የታየኝ መሰለኝ።

«ከየት አመጣሽው?» አልሁ፣ እያወቅሁ።

«ከአክስቴ ጓሮ! ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁልጊዜ ሳያብብ ስለሚገጥመኝ ቅጠሉን ዐይቼ አልፈው ነበር። አዛሊያ ነው እኮ፤ ሌላ ዘር! ሚኒባሱ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌው ስመጣ ረዳቱ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ሙሽሪትን በደንብ ደግፊያት፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በወደቀ ቁጥር መጋረጃዋ እየረገፈ ነው› አለኝ።» ሳቀች። ጥርሷን ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

«ከማን እንዳገኘችው ነገረችሽ?»

«አልጠየቅኋትም። ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ትቸኩል ነበር። ‹ውሰጂልኝ፣ ቦታ ነው የያዘብኝ› አለችኝ።»

አፌን ከፈትሁ። ሊወጣ የነበረው ነገር አንድ መስመር ነው፤ ይህ እኮ ከቀይዋ የተቆረጠ ነው፤ እኔ ነኝ የሰጠኋት። ልጄ ጣሳውን ከቀይዋ ጀሪካን አጠገብ አስቀምጣ፣ ወደ ኋላ ሁለት ርምጃ ሄዳ፣ ሁለቱን እያፈራረቀች ታያለች።

«እጅሽን ታጠቢ» አልኋት፤ «ምሳ ቀርቧል።»

ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁ። ቀለሙ ተለይቷል፤ ቀለሙ ከተለየ ዘሩም ተለይቶ ይሆናል። የዳንግላ አፈር ለውጦት ይሆናል። እሷ ዲግሪ አላት፤ እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ፤ ችግር ቢኖረው ኖሮ ዐይታ ትለየው ነበር። ይህን ሁሉ ስል የአንድ ላም ጥጆችም አንዱ ጥቁር አንዱ ዳማ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ቢያንስ ወንድምና እህት ናቸው ብዬ ነበር የማስበው፤ አባቴ ደግሞ ወንድምና እህት አያስጠቃም። ይህም ሆኖ ዝም አልሁ። አንድ ጊዜ ተናግሬ ያየሁትን አይቻለሁ።

ማዳቀሉን አብረን ሠራን። እጇ ሲቸኩል ይንቀጠቀጣል፤ የእኔ አይንቀጠቀጥም፤ ስለዚህ ወረንጦውን ለእኔ ሰጠችኝ። ሊከፈት አንድ ቀን የቀረውን የቀይዋን እንቡጥ እንመርጣለን። እሷ የእንቡጡን ቅጠል ፈልቅቃ ትይዝልኛለች፤ እኔ በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን የወንዴ ዘንጎች አንድ በአንድ እነቅላለሁ። መካከል ያለችው ሴቴዋ ብቻ ትቀራለች። ቀና ባለች ጊዜ ከገረጣው አበባ የተወሰደውን ዱቄት ጫፏ ላይ እናስነካታለን፤ ከዚያ መድኃኒት በሚሰጥበት ትንሽ የወረቀት ከረጢት እንሸፍናታለን። አንገቷን በክር እናስራለን። ክሩ ማተብ ከፈተልሁበት የተረፈ ጥቁር ክር ነው።

«ወንዴዎቹን ለምን ነው የምንነቅላቸው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከራሱ ጋር እንዳይዳቀል።»

«ከራሱ ጋር ቢዳቀልስ?»

«ልጆቹ ደካማ ይሆናሉ። አንዳንዶቹማ ከነጭራሹ አረንጓዴ አይኖራቸውም፤ ነጭ ሆነው ይበቅሉና ይሞታሉ።» ከዚያ ትከሻዬን በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝ። «ምነው እጅሽ ቆመ? ደከመሽ እንዴ?»

«አልደከመኝም» አልሁና ቀጠልሁ።

ባሌ ከበረት ሲመለስ ወረቀት የለበሱትን አበቦች አይቶ ቆመ። «ሰርጉ መቼ ነው? ሽማግሌ ልካችኋል?»

«ሽማግሌዋ እማ ናት» አለች ልጄ፣ ዐይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ። «ቆጥራ ፈቅዳለች።»

በዚያ ዓመት የኖርሁት ለእነዚያ ፍሬዎች ነው። አመዳይ ሲወርድ በጆንያ ሸፈንኋቸው። ዶሮዎቹን ከግቢ አስወጥቼ ለጎረቤት አደራ ሰጠሁ። በረዶ ሲያጉረመርም ጀሪካኑንና ጣሳውን አንድ በአንድ ወደ ቤት አስገባሁ። ልጄ አበባዋን የወደድሁ መስሏት ደስ ይላት ነበር። ስለ ዘር እያስተማረችኝ፣ ስዕል እየሣለችልኝ፣ ከየትኛው ከየትኛው ምን ሊወጣ እንደሚችል ትነግረኛለች። «ከዚህ ነጩን ጠርዝ፣ ከዚህ ቀዩን መሐል ብናገኝ፣ አስቢው እማ!» ትለኛለች። እኔም አስባለሁ። በየዕለቱ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ በየዕለቱ ደግሞ ፍሬው ትንሽ ወፍሮ አያለሁና እተወዋለሁ። አንዳንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው አስብ ነበር። አበባ ስላዳቀልሁ ምን ይሉኛል? ይስቁብኛል ብዬ ተውሁት።

ክረምቱ ሲገባ ፍሬው ቡናማ ሆኖ ተሰነጠቀ። ነጭ ወረቀት ላይ ስታራግፈው የወጣው ዘር፣ ጤፍ አጠገቡ ቢቀመጥ ባቄላ ይመስላል። ትንፋሽ እንዳይበትነው ሁለታችንም አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ነበር። ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ የፋቅሁትን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር በትሪ ዘርግታ፣ ዘሩን በላዩ ነሰነሰችና በፌስታል ሸፈነችው።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። አንድ ማለዳ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ትሪው ላይ አቀርቅራ አገኘኋት። ፌስታሉን ገልጣዋለች። ስልኳን አቅርባ በካሜራው አጉልታ ታያለች።

«በቀለ?» አልሁ።

እኔም አቀረቀርሁ። በአረንጓዴው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጥቦች ወጥተዋል። ብዙዎቹ ነጭ ናቸው። እንደ ወተት ነጭ። በመካከላቸው ቢጫ የሆኑ አሉ፤ ጥቂት አረንጓዴዎችም አሉ።

«ገና ሕፃን ስለሆኑ ይሆናል» አልሁ። «ፀሐይ ሲያገኙ ይጠቁራሉ።»

«አይጠቁሩም እማ።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጮቹ አለቁ። ቢጫዎቹ ተከተሉ። አረንጓዴዎቹ ቆዩ፤ ግን ቅጠላቸው ተጨማዶ፣ ሳያድጉ፣ አንዱ ዛሬ አንዱ ነገ ጠወለገ። ልጄ ውሃውን ለወጠች፣ ትሪውን ለወጠች፣ ወደ ጥላ ወሰደች፣ ወደ ብርሃን መለሰች። አንድ ቀን ሁሉንም ተወችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ይህ የሚሆነው ራሱን ሲያገባ ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ወንዴውን ደግሞ ነቅለናል። በሚገባ ነቅለናል።» ከዚያ ቀስ ብላ የገረጣው ያለበትን ጣሳ አየችና ስልኳን አነሣች።

በዚያ ሳምንት ኔትወርክ ነበረ። ባይኖር ብዬ ተመኘሁ። እህቴ ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ቢሆንም እኔ ከወጥ ቤቱ በር ሆኜ እሰማለሁ።

«አክስቴ፣ ያንን አበባ ከየት ነበር ያገኘሽው?»

«የቱን? ያንን መናጢ? ምነው፣ ሞተ?»

«ከየት ነው ያገኘሽው?»

«ከናትሽ ነዋ! ለእናታችን ተዝካር የመጣሁ ጊዜ ከቀይዋ ላይ ቆርጣ ሰጠችኝ። ‹ይቺ የታመመች ትመስለኛለች፤ ውሰጃትና እዚያው ዳንግላ ትሙት› ብላኝ። የዳንግላን አፈር መርዝ አደረገችው እኮ፣ ይቺ የአመዳይ አገር ሰው!» እህቴ ሳቀች። «ድና አበበች፤ ንገሪያት። ደግሞ እዚያው አይደለችም እንዴ? ለምን እሷን አትጠይቂያትም?»

ልጄ አመስግና ስልኩን ዘጋች። ወደ እኔ ዞረች።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«አቅፈሽው ስትገቢ።» የበሩን ጉበን ያዝሁ። «እኔ እህትማማች መስለውኝ ነበር።»

«እህትማማች አይደሉም እማ። አንድ ናቸው። አንዳንዴ አንድ ቅርንጫፍ ቀለሙን ይለውጣል፤ ሥጋው ግን ያው የእናቱ ነው። ዓመት ሙሉ አንዱን ተክል ከራሱ ጋር ስናጋባ ነበር የከረምነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሬዋለሁ። አንድ ቃል ብትናገሪ ወዲያው አውቀው ነበር፤ ጊዜውን በሌላ ፍለጋ አሳልፈው ነበር።»

«ስትስቂ አየሁሽ» አልሁ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ትሪውን አንሥታ ወደ ውጭ ወጣች፤ በሩ ላይ ቆም ብላ ዞረች።

«ያኔስ? የእሱ ሽማግሌ የመጡ ጊዜ የቆጠርሽው እውነት ነበር?»

«እውነት ነበር።»

«እሺ» አለች። ይህን «እሺ» እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ያመነ ሰው እሺ አይደለም።

ከመስቀል በኋላ ሄደች። ሻንጣዋ ውስጥ ሽሮና በርበሬ ከተትሁ፤ ክብደት ይበዛል ብላ ግማሹን አወጣችው። መናኸሪያው ላይ እንዳላለቅስ አዝዛኝ ነበርና አላለቀስሁም። ባሌ ግን አለቀሰ፤ እሷም እሱን አቅፋ አጽናናችው። እኔን ጉንጬን ሳመችኝ። «ሰውነትሽን ጠብቂ» አለችኝ፤ ሰው ለጎረቤቱ የሚለው ነው።

አሁን በሰው ቤት ትሠራለች። አንሶላ ታጥባለች፤ ያቺን አበባ ያመጣሁበትን ሥራ። ኔትወርክ ሲኖር ትደውላለች፤ ስለ አባቷ ጉልበት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ትጠይቃለች። ስለ አበባው አትጠይቅም። እኔም አልነግራትም። የግምጃ ቤቱ ልጅ የጥሊሊ ልጅ አግብቷል፤ ይህንንም አልነገርኋትም፤ ሰምታ ይሆናል።

ስድስተኛው ቤት ላይ ስለተጠራችው ሴት ያላልሁትን አሁን ልናገር። ልጅ ሳለሁ ዘንገና አካባቢ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ዘመዳችን፣ ያቺ ሴት ከዚያ ቤት የተወለደች እንዳልሆነች ነግረውኝ ነበር። በክፉ ቀን ከሌላ አገር የመጣች ሕፃን ናት፣ አንሥተው አሳደጓት ብለውኝ ነበር። እውነት ከሆነ የግምጃ ቤቱ ልጅና የእኔ ልጅ በደም አይገናኙም። ሽማግሌው ስሟን በጠሩ ጊዜ ይህ ትዝ አለኝ። ትዝ አለኝና ዋጥሁት። ብናገርና እውነት ባይሆንስ? ተጋብተው የሚወልዱት ልጅ አንድ ነገር ቢሆንስ? መጠንቀቅ ይሻላል አልሁ። የአበባዋን በእርግጥ ያወቅሁትን ደብቄ፣ የሴቲቱን ያላረጋገጥሁትን አስቆጠርሁ። ልጄ የጠየቀችኝን ጥያቄ በቅጡ አልመለስሁላትም።

ከሄደች በኋላ በእግሬ ወደ ዘንገና ወጣሁ፤ አሮጊቷን ልጠይቅ። ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸው ሽማግሌ ሆኖ በግ ሲጠብቅ አገኘሁት። ከአገውኛ ወደ አማርኛ እየተመላለሰ ጨዋታ አመጣ፤ የፈለግሁትን ስነግረው ግን ግራ ተጋባ።

«እቴ፣ እኛ ያደገችና የተወለደች አንለይም። እዚህ ቤት የበላ ሁሉ ልጅ ነው።»

«እናትህ ግን ነግረውኝ ነበር፤ ከዚህ ቤት አልተወለደችም ብለው።»

«ይሆናል። የሚያውቁት ሞተዋል።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ደግሞስ አሁን ማን ሊያገባ ነው?»

«ማንም» አልሁትና ተመለስሁ።

አሁንም በአካባቢው ሽማግሌ ሲላክ ሰዎች ይመጡብኛል። «እባክሽ ነይና ቁጠሪልን» ይላሉ። ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ፤ ረስቻለሁ እላለሁ። አንዷ ባለፈው «አንቺ ከረሳሽማ ሁላችንም እኅትና ወንድማችንን ልናገባ ነው» ብላኝ ሳቀች።

ከትሪው ላይ ሁለት ችግኞች አልሞቱም። ልጄ ስትሄድ ወደ ትንሽ ጣሳ አዛውራ ትታቸዋለች፤ ልትጥላቸው ረስታ ይሁን ሆን ብላ አላውቅም። ቁመታቸው አውራ ጣት አይሞላም፤ ከተተዉበት ቀን ጀምሮ አንድ ቅጠል እንኳ አልጨመሩም። ያብባሉ ብዬ አላስብም። ቢያብቡም ማንም የሌለው ቀለም አይሆኑም፤ የእናታቸው ይሆናሉ።

ትናንት ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ እንዲህ ሲጠራ አመዳይ ይወርዳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጆንያውን ይዤ ወጣሁ። ባሌ ከበረቱ ሆኖ አየኝ።

«አሁን ይሄ ለማን ብለሽ ነው?» አለ።

ቀይዋን፣ የገረጣውንና ሁለቱን ትንንሾች አንድ ላይ አስጠጋኋቸው። አንድ ጆንያ በቃቸው።